የኔታ የሳቱበት ገና

ባለፈው ሰሞን ያረጀ ቁም ሣጥን ለማሳደስ ከአንድ አናጺ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰውየው በትንሽ ምድጃ ላይ ሰም እያቀለጠ ደረስኩ። የመጣሁበትን ጉዳይ ትቼ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። "እመቤት፣ ሽታው እንዳያፍንዎት" ቢለኝ "አይ፣ የለመድኩት ነው" አልኩት። እውነቴን ነው። ትኩስ ሰም ሲሸተኝ ከአፍንጫዬ ቀድሞ የሚያስታውሰው ጣቴ ነው፤ ያኔ ያቃጠልኩት ቦታ ያሳክከኛል።

ሰባተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። በኛ በኩል በዚያን ጊዜ ከስድስተኛ ክፍል በላይ መማር የፈለገ ልጅ ላሊበላ መሄድ ነበረበት። አባቴ እህል ከጫነው አህያ ኋላ አስከትሎ ከአገራችን ከብልባላ አመጣኝና ከአጎቱ ቤት አስቀመጠኝ። አጎቱ መሪጌታ ናቸው፤ የታወቁ የአቋቋም መምህር። በበዓል ቀን ካህናቱ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ በከበሮ እየታጀቡ ሲዘምሙ ያየ ሰው አቋቋም ምን እንደሆነ ያውቃል። ያላየው ግን እንዲሁ ደስ ብሏቸው የሚወዛወዙ ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ኋላ ነው እያንዳንዱ እርምጃ፣ እያንዳንዱ ማጎንበስ የራሱ ቦታ እንዳለው ያወቅኩት።

የከተማው ሰው ሁሉ "የኔታ" ይላቸው ስለነበር እኔም የኔታ አልኳቸው። ሚስታቸውን እትዬ ውዴ እላቸዋለሁ። የኔታ ረዥም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ናቸው። እትዬ ውዴ አጭር ናቸው፤ የባላቸውን ዝምታ ጨምረው የሚናገሩ ሴት ነበሩ።

እኔ ደግሞ የነካሁት ነገር ሁሉ ወይ ይደፋል ወይ ይሰበራል። በገባሁ በሳምንቱ የውኃውን ገንቦ ከበሩ መቃን አላተምኩት። ብዙም ሳይቆይ የፋኖሱን ብርጭቆ ሳጸዳ ለሁለት ከፈልኩት፤ ያንን ብርጭቆ ደግሞ ከጋሸና በመኪና ካልመጣ የትም አታገኙትም። እትዬ ውዴ ወገባቸውን ይዘው ስብርባሪውን አዩና "አንች ገልጃጃ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስሜ እሱ ሆነ። "ገልጃጃ፣ እንጨት አምጭ። ገልጃጃ፣ በሩን ዝጊ።" በክፋት አልነበረም፤ ጠላ ሲቀዱልኝም በዚያው ስም ነው የሚጠሩኝ። ግን ያሳዝነኝ ነበር። እጄ የራሴ እጅ አይመስለኝም ነበር፤ ከሌላ ሰው የተዋስኩት ይመስለኛል።

ኅዳር ሲገባ ለገና የሚሆነው የጧፍ ሥራ ተጀመረ። የኔታ በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ይሰጣሉ። ሰሙን አባቴ ነው ከብልባላ የሚልከው፤ የኔ ቀለብ ማካካሻ መሆኑ ነው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ሰሙ በሸክላ ድስት ይቀልጣል። እትዬ ውዴ የፈተሉትን ጥጥ ደርበው ያከሩታል፤ የኔታና እኔ ደግሞ ክሩን ከሰሙ ውስጥ እየነከርን፣ ሳይደርቅ በፍጥነት በጣታችን መሃል እናሳልፈዋለን። ዘዴው ሁሉ ከጣት ላይ ነው። ጠበቅ ካደረጉት ሰሙ ይላጣል፤ ላላ ካደረጉት ያብጣል። የየኔታ ጧፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ነው። የኔ እንቁላል የዋጠ እባብ ይመስላል።

"አይዞሽ" ይሉኛል የኔታ። "ጧፍ የሚሠራው ለመብራት ነው። ያበጠውም ይበራል።"

እትዬ ውዴ ግን ጠዋት ጠዋት እያዩ ይለዩታል፤ የተስተካከለውን በአንድ በኩል፣ ያበጠውን እንደገና እንዲቀልጥ በሌላ በኩል። የሚመለሰው ሁልጊዜ የኔ ነው። አንድ ጠዋት ግን የሚመለሰው ክምር ከወትሮው በለጠ።

"ምነው አንች፣ ትናንት ደግሞ ምን ነካሽ?" አሉኝ። "ጭራሽ ይባስ!"

ክምሩን አየሁት። ግማሹ የኔ አልነበረም። የኔን እብጠት አውቀዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ነው። እነዚህ ጫፋቸው ላይ ነው ያበጡት። የኔታን አየኋቸው። በሩ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን ይመለከታሉ። እኔም ክምሩን አንሥቼ ወደ ድስቱ መለስኩት።

ልጅ ሞኝ ነው። እኔ ያን ጠዋት የተረዳሁት እንዲህ ነበር፤ የኔታ አዝነውልኛል። ብቻዬን እንዳልሰደብ ሆን ብለው አበላሽተዋል። ሽማግሌ፣ መሪጌታ፣ ስንት ተማሪ ያላቸው ሰው ለኔ ብለው ጧፍ ሲያበላሹ! ደስታዬን የት ላድርገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን አንድ ምስጢር ያለን መሰለኝ። ማታ እራት ላይ ዋንጫ ከእጃቸው ሲያመልጥ እኔ ፈገግ እላለሁ። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ እግራቸው ሲወላከፍ ዐይናቸውን እፈልግና ፈገግ እላለሁ። እሳቸውም መልሰው ፈገግ ይላሉ፤ ለምን እንደምስቅ ግን የገባቸው አይመስሉም ነበር። ምስጢሩ እንዳይወጣ እየተጠነቀቁ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የኔታ ግቢ ውስጥ ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ ትንንሽ ልጆች አይደሉም፤ ጢም ያበቀሉ፣ አንዳንዶቹም ባለትዳር ዲያቆናትና መሪጌቶች ናቸው። ከነሱ ሁሉ የሚቀርባቸው ጋሽ ሞገስ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከየኔታ ቤት እየበላ ነው የተማረው። በበዓል ሰልፍ ላይ የኔታ ከቀኝ ዳር፣ እሱ ከአጠገባቸው ይቆማል።

መጀመሪያ ሰሞን ሲያጠኑ የሰማሁት ነገር ጠብ መስሎኝ ነበር። አንዱ ሲዘምም ይሳሳታል፤ ወዲያው ከሌሎቹ ሦስቱም አራቱም "ተመለስ!" ይሉታል። ሰውየው አይቆጣም። ተመልሶ ከጀመረበት ይጀምራል። እትዬ ውዴ ናቸው ያስረዱኝ፤ በቤተ ክርስቲያን የሳተ ሰው ይታረማል። ሲያነብ ቃል የዘለለ ዲያቆን ካለ ከጥግ የተቀመጠ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያርመዋል። ሕዝቡ እየሰማ ነው የሚታረመው። እሱም አያፍርም፣ አስተካክሎ ይቀጥላል። ነገሩ የሱ አይደለምና፣ ከሱ በፊት የነበረ፣ ከሱም በኋላ የሚኖር ነው። የኔታ ደግሞ በማረም የሚያክላቸው የለም ይባል ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው የእግር ኮቴ ሰምተው ያርማሉ።

ገልጃጃ ሆኖ የሚታረም ሰው ማየት እኔን ደስ ይለኝ ነበር።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ታደለ የሚባል የደሴ ልጅ ነበር። ገና ከማሠልጠኛ መውጣቱ ነው። ቃላትን የሚያስተምረው በትወና ነው። በፍጥነት የሚለውን ሊያስተምር ክፍሉን ዙሮ ይሮጣል፤ በጸጥታ የሚለውን ሲያስተምር ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጣት ይሄዳል። እኛ የምንቀመጠው በተደረደረ ድንጋይ ላይ ነው፤ ግን የሱን ክፍለ ጊዜ ማንም አይቀርም።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ክለምዚሊ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ። ከዚያ ከመዝገበ ቃላቱ ላይ "ቅልጥፍና በጎደለው ሁኔታ" ብሎ አነበበልን። ማንም አልገባውም። አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ እየተደነቃቀፉ ማለት ነው?" አለ። ሌላው "እየተወላከፉ" አለ። ከኋላ ያለች ልጅ "እየደፉና እየሰበሩ" አለች፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።

"ሁሉም ልክ ነው" አለ ቲቸር ታደለ። "ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ቃል ሰውየውን አይነካውም። ሰውየው እንዲህ ነው አይልም። ያን ነገር ያን ጊዜ እንዲህ አደረገው ነው የሚለው። በጣም ቀልጣፋ ሰው አንድ ቀን በር ሲከፍት ክለምዚሊ ሊከፍት ይችላል። ነገ ደግሞ ደህና አድርጎ ይከፍታል። ገባችሁ?"

ለኔ ገባኝ። ለኔማ ከገባኝም በላይ ነው። እትዬ ውዴ ይህን ቃል ቢያውቁ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ገንቦውን ያን ቀን እንዲያ አድርጌ ያዝኩት እንጂ እኔ እኮ እንዲያ አይደለሁም።

ከዚያ ሊተውነው ተነሣ። የጠመኔ ሣጥን፣ ማጥፊያ፣ የቀለም ጠርሙስና ሁለት መጽሐፍ ተሸክሞ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው እየተንገዳገደ መጣ። አልሆነለትም። ሣጥኑን ሊጥለው ሲል ራሱ መልሶ ይቀልበዋል። ማጥፊያውን ሲለቀው ማጥፊያው ጉልበቱ ላይ አርፎ ይቀራል። ሳቅን። እሱም ሳቀና "ሌላ ሰው ይሞክር" አለ። ማን እንደተጠቆመ መናገር አያስፈልግም።

ዕቃውን ተሸክሜ በሩ ጋ ቆምኩ። እሺ፣ ይኼማ የራሴ ሙያ ነው ብዬ እግሬን አጣመምኩ፣ ክንዴን አላላሁ፣ ለመጣል ተዘጋጀሁ። አንድም ነገር አልወደቀም። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ፣ ክፍሉ በሙሉ ትጥላለች ብሎ እየጠበቀ፣ ሁሉንም አምጥቼ ቁጭ አደረግኩት። የቀለም ጠርሙሱ እንኳ አልተነቃነቀም። ልጆቹ አዘኑ።

"አብሽሪ" አለኝ ቲቸር ታደለ እየሳቀ። "ጥፋቱ ያንች አይደለም። ሆን ተብሎ አይመጣም። እኔም አልቻልኩ። ሰው ሆን ብሎ ሊያበላሽ ሲል ሐሳቡን ሁሉ እጁ ላይ ያደርጋል፤ ሐሳብ ያለበት እጅ ደግሞ አይስትም።"

ወደ ቤት ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። የገበያውን ቁልቁለት እንደጨረስኩ ግን ቆምኩ። ሆን ተብሎ የማይመጣ ከሆነ የየኔታ ጧፍስ?

ያን ማታ ፈገግ አላልኩም፤ እጃቸውን ብቻ አየሁ። ክሩን ከሰሙ አወጡና በአውራ ጣታቸውና በአመልካች ጣታቸው ሊይዙት ሞከሩ። አመለጣቸው። እንደገና ሞከሩ። ምላሳቸው በከንፈራቸው መሃል ወጥቶ፣ ቅንድባቸው ተኮማትሮ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ይጥራሉ። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ይህ ትወና አይደለም። ለኔ ብለው ያደረጉትም ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ ስስቅባቸው የነበረው በሕመማቸው ነው። ጣቴን ሰሙ ውስጥ የከተትኩት ያን ጊዜ ነው፤ ዐይኔ እሳቸው ላይ ስለነበር።

"ምን ሁነሽ ነው?" አሉ እትዬ ውዴ።

"ተቃጥዬ" አልኩና ለጣቴ የሚሆነውን ያህል አለቀስኩ፤ ከዚያም ጨምሬ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ ላይ የገናው ጥናት በረታ። አሁን ማየት ስለጀመርኩ ሁሉም ነገር ይታየኛል። የኔታ ሲያጎነብሱ ከከበሮው ትንሽ ይዘገያሉ። ሲራመዱ አንዳንዴ እግራቸው ይምታታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን እሱ አይደለም፤ "ተመለስ" የሚል ሰው የለም። እሳቸው ሲዘገዩ ጋሽ ሞገስም ይዘገያል፤ ጋሽ ሞገስ ሲዘገይ ሌሎቹም ይዘገያሉ።

አንድ ጠዋት ተማሪዎቹ ከተበተኑ በኋላ ጋሽ ሞገስ ከጓዳው ደጃፍ መጥቶ እትዬ ውዴን አነጋገራቸው። እኔ ውስጥ ሆኜ የደረቀ ጧፍ እጠቀልላለሁ።

"እትዬ፣ የኔታ ዘንድሮም ከላይ ይቆማሉ?"

"ካልቆሙማ ምኑን ገና ሆነ።"

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ልጅም ብሆን ገብቶኛል። በገና ዕለት ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ ከታች ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ግማሹ ግቢውን ከከበበው ዓለት ላይ፣ ከአፋፉ ጫፍ ይሰለፋል። ከላይ ያሉት መላእክትን፣ ከታች ያሉት እረኞችን ይመስላሉ ይባላል። ከላይ ያሉት ሲያጎነብሱ ወደ ገደሉ ነው የሚያጎነብሱት። ከአፋፉ እስከ ታች ድንጋይ ነው፤ ከዚያ የወደቀ ሰው አይነሣም።

"ንገራቸዋ" አሉ እትዬ ውዴ። "አንተ ልጃቸው ማለት ነህ።"

"እኔ? እሳቸው አጉርሰው አሳድገውኝ፣ እሳቸውን 'ሳቱ' ልበላቸው? አንደበቴስ እሽ ይለኛል? እርስዎ ይንገሯቸው።"

"እኔማ ስለ ወጥ ስናገር እንኳ አይሰሙኝ።"

"እንግዲያው አይጨነቁ" አለ ጋሽ ሞገስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በግራም በኋላም አጥረን እንጠብቃቸዋለን። እርምጃቸውንም እንከተላለን። እሳቸው በሄዱበት ሁላችንም ከሄድን ማን ያውቃል? ሕዝቡ እልል ይላል፣ እሳቸውም በክብራቸው ይገባሉ።"

እትዬ ውዴ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። "እግዜር ይስጥህ" አሉት።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። የመውደቁ ነገር ነው ያስፈራኝ። በማግስቱ የኔታ ፀሐይ ሲሞቁ ውኃ ይዤላቸው ሄድኩ። ስሰጣቸው ሁለታችንም እጃችን ስለማይታመን ዋንጫውን በአራት እጅ ያዝነው።

"የኔታ፣ ዘንድሮ ከታች ቢቆሙስ?" አልኳቸው።

ጠጡና ዋንጫውን መለሱልኝ። "ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ደህና ጠየቅሽ።" እጃቸውን ገልብጠው አዩ። "እጄ እንደ ድሮው አይደለም። እግሬም እንደዚያው። አውቃለሁ። ግን ገና አልሳትኩም።"

"ቢስቱስ?"

"ይነግሩኛል" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም። "ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርኳቸው ለዚህ አይደል? የሳትኩ ዕለት ሞገስ 'ተመለስ' ይለኛል፣ ያን ጊዜ እወርዳለሁ። እስካሁን አላለኝም።"

እናውቃለን፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ዝም ያልነው ስለምንወድዎ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? እሳቸው የሰውን ዝምታ እንደ ምስክር ቆጥረውት ነበር። ዋንጫውን ይዤ ገባሁ፤ ለእትዬ ውዴም አልነገርኳቸውም።

ገና ደረሰ። ከተማው በምእመን ተጥለቀለቀ፤ በየአጥሩ ሥር፣ በየዛፉ ሥር ሰው ነው። ከዋዜማው በፊት ቀበሌው ወጣቶች ሁሉ በበዓሉ ጠዋት ለስብሰባ እንዲገኙ በድምፅ ማጉያ አስለፍፎ ነበር። ማን እንደተገኘ እንጃ። ቲቸር ታደለ ራሱ ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ከሰው መሃል ቆሞ አገኘሁት። ሲያየኝ "ለጉብኝት ነው የመጣሁ" አለኝ ሳልጠይቀው።

እትዬ ውዴና እኔ ከታች፣ ከግድግዳው በኩል ቦታ ይዘን ቆምን። ቀና ስል ሰልፉ ሰማዩ ላይ የተሳለ ይመስላል፤ ነጭ በነጭ። የኔታ ከቀኝ ዳር ናቸው። ጋሽ ሞገስ በግራቸው ተጠግቷል፣ ሁለት ጎልማሶች ከኋላቸው ቆመዋል። እትዬ ውዴ ክንዴን አጥብቀው ያዙኝ።

ከበሮው ተመታ። ከላይ አጎነበሱ፤ ከታች መለሱ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም በቦታው ነበር፤ ምናልባት ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ከዚያ የኔታ ዘገዩ። ሰልፉ በሙሉ አብሮ ዘገየ። ወደ ቀኝ መሄድ ሲገባቸው ወደ ግራ ተራመዱ፤ ሰልፉ በሙሉ ወደ ግራ ተራመደ። ከታች ያሉት ካህናት ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እነሱም ተከተሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ማንም አላወቀም። እፎይ አልኩ፤ እትዬ ውዴም ክንዴን ለቀቅ አደረጉ።

የኔታ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ስተው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ኮቴ ሰምተው የሚያርሙ ሰው የራሳቸውን ኮቴ አያጡትም። አንገታቸውን መለስ አድርገው ሰልፉን እስከ ዳር ድረስ አዩት። ማንም ዐይናቸውን አላየም።

ከዚያ አንድ ነገር አደረጉ። ማጎንበስ በሌለበት፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ መቆም በሚገባው ቦታ፣ ቀስ ብለው አጎነበሱ። ጥናቱን ስንት ሳምንት ስላየሁ እዚያ ጋ ማጎንበስ እንደሌለ አውቃለሁ። ይህኛው ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ እግራቸው አልተምታታም። ያን ሰሞን ካየኋቸው ማጎንበስ ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ሆን ብለው ነው። እየፈተኗቸው ነው።

ሰልፉ በሙሉ አጎነበሰ።

የኔታ ቀና አሉ። መቋሚያቸውን ከዓለቱ ጋር አጋጩት። ከበሮው ቆመ። እልልታው ከዳር ከዳር እየቀነሰ ሄዶ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ።

"ተመለስ!" አሉ፤ ሌላውን በሚያርሙበት በዚያው ድምፅ።

ካህናቱ ማን ታርሞ ነው ብለው ወዲያና ወዲህ ተያዩ።

"እኔን ነው" አሉ የኔታ። ግቢው ድንጋይ ስለሆነ ቃላቸው እኛ ጋ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። "ሳትኩ። አንድ ጊዜ ሳትኩ፣ ዝም አላችሁ። ሁለተኛ ሳትኩ፣ ዝም አላችሁ። ለኔ ብላችሁ ዜማውን ጣላችሁት። እኔ ነገ እሞታለሁ፤ እሱን ማን ያነሣዋል?"

ጋሽ ሞገስ መሬት መሬቱን ያያል። እንባው በጢሙ ላይ ሲወርድ ከታች ሆኜ አየዋለሁ።

የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ና፣ ከዚህ ቁም" አሉት፣ ከቀኝ ዳር ያለውን ቦታቸውን በመቋሚያቸው እያሳዩት። "እኔን አንድ ሰው እጄን ይያዘኝና ከዚህ ያውርደኝ። አሞኛል።"

እትዬ ውዴ "ወይኔ" ብለው በነጠላቸው ተሸፈኑ። እኔ ደግሞ ምን እንደተሰማኝ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም። ስላልወደቁ ደስ ብሎኛል። ስለወረዱ አዝኛለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ኮርቻለሁ፤ እኔ ገንቦ ሰብሬ ጉድጓድ ውስጥ መግባት የምመኘው ልጅ፣ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "ሳትኩ" ብሎ ቀጥ ብሎ መቆም እንደሚችል አላውቅም ነበር።

አንድ ወጣት ዲያቆን በዓለቱ መሃል ባለው መተላለፊያ እየመራ አመጣቸው። ሰዉ እየተከፈለ አሳለፋቸው፤ መንገድ ላይ መስቀል እንደሚሳለም ሁሉ የጋቢያቸውን ጫፍ የሚሳለም ነበር። መጥተው ከኛ መሃል ቆሙ። ሲደርሱ ዲያቆኑን አሰናበቱና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ከበዱኝ። ሁሉንም ክብደታቸውን ነው የጣሉብኝ።

"ምነው እንዲህ አደረጉ?" አሉ እትዬ ውዴ እያለቀሱ። "ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ማንም አላወቀ!"

"እኔ አውቄያለሁ" አሉ።

ከላይ ከበሮው እንደገና ተጀመረ፣ ከመጀመሪያው። ጋሽ ሞገስ ከቀኝ ዳር ነው። አጎነበሱ፤ የሁሉም ራስ በአንድ ጊዜ ወረደ፣ የሁሉም መቋሚያ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ከታች ያሉት መለሱላቸው። ሕዝቡ እንደገና እልል ሲል ድንጋዩ ራሱ የሚያስተጋባ ይመስል ነበር። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ትከሻዬ ላይ ያለው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን ከከበሮው ጋር ነው የሚንቀጠቀጠው ብዬ ለማመን ሞከርኩ።

ብዙ ከቆዩ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ቀና አልኩ።

"ሞገስ ሲጀምር ግራ እግሩን አስቀደመ" አሉኝ። "አይተሽዋል?"

አላየሁም ነበር፤ ዐይኔ በእንባ ተሞልቷል። "አላየሁም፣ የኔታ።"

"አስቀደመ። ነገ እነግረዋለሁ።"

በማግስቱ ጋሽ ሞገስ መጣ። ከደጅ ቆሞ መግባት ፈራ። እትዬ ውዴ ግባ ቢሉትም እንቢ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፤ ተረግሜ ልባረር ነው ብሎ የመጣ ይመስላል። የኔታ ከተቀመጡበት ሳይነሡ የግራ እግሩን ነገር ነገሩት። እዚያው ደጅ ላይ ተመልሶ እንዲጀምር አዘዙት። ጀመረ፤ በቀኝ። "አሁን ሆነ" አሉት። ሰው ሲታረም እንደዚያ ደስ ሲለው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።